በብርብራው ላይ የተሰቀለው ስም

ለብዙ ዓመት ለማንም ሳልነግረው የኖርኩትን ነገር በመጀመሪያ እጽፈዋለሁ፤ ወደ ኋላ ካቆየሁት እንደገና እንዳልደብቀው።

በ1991 ዓ.ም. ባለቤቴ ካሳዬ ጉርድ ሾላ አጠገብ ባለው በጥድ ዳር መናፈሻ አትክልተኛ ነበር። ዛፎቹን እንደ ቤተሰብ ያውቃቸዋል፤ ፊደል ግን አልቆጠረም። እኔ ደግሞ ስንጋባ አራተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ብዬው ነበር። አንድም ቀን ትምህርት ቤት አልገባሁም። በዚያ ዓመት የዛፎቹ ስም የተጻፈባቸው አሥራ አራት ቆርቆሮዎች ቀለማቸው ሊታደስ ወረዱ። ታድሰው ሲመጡ ካሳዬ በታይፎይድ ተኝቷል። «አንቺ ታነቢያለሽ፤ ሄደሽ ስቀያቸው» አለኝ። እምቢ ማለት ውሸቴን ማውጣት ስለሆነብኝ ሄድኩ። የሽቦውን ርዝመትና የምስማሩን ቀዳዳ እያስተያየሁ ሰቀልኳቸው። አሥራ ሁለቱ ቦታቸውን አገኙ። ሁለቱ ተለዋወጡ። የጥቁር እንጨት ስም ብርብራው ላይ፣ የብርብራ ስም ጥቁር እንጨቱ ላይ ወጣ።

በዚያው ሳምንት በዚያ ስም የተነሣ አንድ ሰው ታመመ፤ አንዲት ሴትም ስሟን አጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ ራሴን ማንበብ አስተምሬ ስህተቱን ባወቅሁ ጊዜ፣ በማለዳ ብቻዬን ሄጄ ሁለቱን ቆርቆሮዎች ወደ ቦታቸው መለስኩ። ቆርቆሮውን አረምኩ፤ ስለ ሴትዮዋ ግን ዝም አልኩ።

ሴትዮዋ ሙሉነሽ ትባላለች፤ ለካሳዬ የአክስቱ ልጅ ነበረች። ልጇ ፀጋ ዛሬ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን፣ በአንድ የከተማ መናፈሻ ትሠራለች። እኔም ካሳዬ ካረፈ በኋላ በዚያው በጥድ ዳር በጽዳት ተቀጥሬ፣ አሁን የጎብኚዎች መቀበያው ውስጥ ነኝ፤ ተማሪዎችን አስጎበኛለሁ። የተጻጻፍነውን እንዳለ ገልብጬዋለሁ።

*

አያት ሰፈር፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለፀጋ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በደህና ያግኝሽ። ልጅሽን ብሩክታይትን እግዚአብሔር በቁመትም በልብም ያሳድግልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

የላክሽው ካርቶን ደረሰ። አለቃችን አቶ መሐሪ ራሳቸው በመቀስ ከፈቱት። የልጆቹ መልመጃ ወረቀት፣ እርሳሱ፣ ስድስቱ አጉሊ መነጽር፣ አንዱም አልተሰበረም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ አትቀየሚኝ። ባለፈው ሐሙስ አርባ ሁለት ተማሪዎች መጡ። «ይህን ቅጠል ፈልጋችሁ አግኙ» የሚለውን ወረቀትሽን አደልኳቸው። አርባ ደቂቃ ሙሉ መናፈሻውን አመሱት። በመጨረሻ አንዷ ልጅ ላብ በላብ ሆና መጣችና «እማማ፣ ይሄ ቅጠል ዛሬ አልመጣም እንዴ?» አለችኝ። ለካ ቅጠሉ የእናንተ አገር ዛፍ ነው። ከሥሩ ባለው እንስሳም ተጣሉ። አንዱ «ትልቅ አይጥ ነው» ሲል ሌላው «አንተ ነህ አይጥ፤ ጥንቸል ነው፣ ቆሞ ነው» ይላል። ካንጋሮ መሆኑን ነገርኳቸው። ልጁን በኪሱ ይዞ እንደሚዞር ስጨምርላቸው ቅጠሉን ረሱት።

ስለዚህ ሌላ ሥዕል አትላኪ። ወፍራም ባዶ ወረቀት ላኪልኝ፤ ሥዕሉን ከራሳችን ቅጠል እንሠራዋለን። አጉሊ መነጽር ብትጨምሪ ግን እምቢ አልልም፤ ለአርባ ሁለት ልጅ ስድስት መነጽር ማለት ጠብ ማለት ነው።

ለምን በስልክ አትነግሪኝም ትያለሽ። ስልክ ላይ ያልኩትን መልሼ ማየት አልችልም። ወረቀት ላይ አይቼ እልካለሁ።

እናትሽን በጸሎቴ አልረሳትም።

የሻሽወርቅ

*

ሜልበርን፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለእትዬ የሻሽወርቅ፣

ጤናዎ እንዲበዛ፣ ጉልበትዎም ከደረጃው ጋር እንዲታረቅ እመኛለሁ። እኔና ብሩክታይት በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን።

ደብዳቤዎን ምሳ ሰዓት ላይ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ምን ሆነሽ አሉኝ። «ቅጠሉ ዛሬ አልመጣም» የሚለውን ተርጉሜ ነገርኳቸው። አሁን ቢሯችን ግድግዳ ላይ ተጽፎ ተሰቅሏል። ልክ ነዎት፤ ሳላስብ ነው የላክሁት። ወፍራሙን ወረቀትና ሃያ መነጽር ልኬያለሁ።

እዚህ ምን እንደምሠራ ጠይቀውኝ አያውቁም። ታፔላ ከመታተሙ በፊት የማነበው እኔ ነኝ። ታትሞ ሲሰቀልም ከዛፉ ሥር ቆሜ ቅጠሉን በእጄ ይዤ ስሙን አስተያያለሁ። አለቃዬ «አንዴ ይበቃል» ትለኛለች። እኔ ሦስት ጊዜ አያለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ብሩክታይት አሥር ዓመት ሊሞላት ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለች፤ ማንበብ ግን እምቢ አለች። የፊደል ገበታ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌላት ነበር። «ሁሉም አንድ ናቸው እኮ፤ እጃቸውንና እግራቸውን ብቻ ነው የሚያወጡት» ብላኝ ሄደች።

እዚያ ጎብኚ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ደግሞስ ለእርስዎ ለራስዎ ምን ልላክ? የሚጽፉልኝ ስለ መናፈሻው ብቻ ነው።

አክባሪዎ ፀጋ

*

አያት፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለፀጋ፣

የጥምቀቱ በረከት እዚያም ይድረስሽ። መነጽሮቹ መጥተው ጠቡ ቆሟል።

ጎብኚ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሽንት ቤት የት ነው?» ነው። ቀጥሎ «ፎቶ ማንሣት ይከለከላል?»፤ ሦስተኛው «ይሄ ይበላል?» ዛፉም ቢሆን፣ አበባውም ቢሆን ይበላል ወይ ይላሉ። ለሽንት ቤቱ ትልቅ ቀስት አሠርተናል። ለቀሩት እኔ አለሁ።

ባለፈው ወር በየዛፉ ላይ በስልክ የሚነበብ ባለ ነጠብጣብ ምልክት ተለጠፈ። አንድ ሽማግሌ ፊቱ ቆመው ሲመረምሩት ጥበቃችን ኦላና «አባባ፣ ስልክዎን ያስጠጉለት፤ ስሙን ይነግርዎታል» አላቸው። ስልካቸውን አውጥተው አስጠጉትና ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ትንሽ ጠብቀው «አያነሣም» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ በትልቁ ይጻፍ ብዬ አቶ መሐሪን ያዝኳቸው። የአማርኛውን እኔ፣ የኦሮምኛውን ኦላና እየነገርን አሁን በመጻፍ ላይ ነን።

ለብሩክታይት አሥራ አራት ካርድ ልኬላታለሁ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ደረቅ ቅጠል ለጥፌ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አክብቤ፣ ከሥሩ የዛፉን ስም ጽፌያለሁ። ገበታውን ከማቀዝቀዣው ላይ አንሺው። በሳምንት አንድ ቅጠል ስጫት፤ ስሙን በአፍ ንገሪያት፤ ፊደሎቹን ራሷ ትልቀማቸው። እንዲህ ተምሮ መጽሐፍ ያነበበ ሰው አውቃለሁ።

አሁን ዋናውን ልጻፍ። በሚመጣው ዓመት መናፈሻችን ለተማሪዎች የሚሆን የመድኃኒት ተክሎች ጥግ ይከፍታል። በማን ስም ይጠራ ብለው አቶ መሐሪ ሠራተኛውን ጠየቁ። በእናትሽ በሙሉነሽ ስም ይሁን አልኩ። ተቀበሉኝ፤ የቤተሰብ ፈቃድ ግን በጽሑፍ ይፈልጋሉ። ሁለት መስመር ይበቃል።

ለራሴ የሚላክ ነገር አላስፈልገኝም። ይህን ላኪልኝ።

የሻሽወርቅ

*

ሜልበርን፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የሻሽወርቅ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሁለት መስመር ጠይቀውኝ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው።

በመጀመሪያ ካርዶቹ። ቅጠሎቹን ጉምሩክ ወሰዳቸው፤ ይህ አገር ከሌባ ይልቅ ቅጠል ይፈራል። ካርዶቹ በእርሳስ ያከበቡትን ቅርጽ ብቻ ይዘው ደረሱ። ብሩክታይት በቅርጹ ውስጥ ቀለም እየቀባች አራቱን አንብባለች።

ፈቃዱን ግን አልሰጥም። ምክንያቱን ልንገርዎ፤ ያን ቀን እርስዎ አልነበሩም፣ እኔ ነበርኩ።

ጋሽ ካሳዬን ልንጠይቅ ስንመጣ በመናፈሻው አለፍን። እማማ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው ለጋሽ ገብረትንሣኤ ሆድ የጥቁር እንጨት ቅርፊት ፈልጋ ሾላ ገበያ አጥታ ነበር። እሷ ባደገችበት ብርድ አገር ዛፉ የለም፤ የምታውቀው ከገበያ የምትገዛውን ደረቁን ቅርፊት ነው። ቆርቆሮዎቹን ስታይ «አንብቢልኝ» አለችኝ። አሥር ዓመቴ ነበር፤ ከክፍሌ አንደኛ ነኝ። እየዞርኩ አነበብኩላትና «ይሄ ነው» አልኳት። በቢላዋ ትንሽ ልጣ አሸተተች።

«ፀግዬ፣ ሽታው ልክ አይደለም።»

«እማ፣ ተጽፏል እኮ።»

እንደገና አሸተተችው። «ከተጻፈማ» አለችና ቆረጠች።

ጋሽ ገብረትንሣኤ ሦስት ቀን ሲያስመልሳቸው ሆስፒታል ሰነበቱ። እሳቸው ተነሡ፤ እማማ ግን አልተነሣችም። ሰፈሩ «ዛፍ የማትለይ መድኃኒተኛ» አላት። ጋሽ ካሳዬ ሲሻላቸው «ልጅቷ ትሆናለች በትክክል ያላነበበችው» አሉ። በር ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። እማማ ቅጠሏንና ሥሯን ሁሉ ወስዳ ወንዝ ጣለችው። ከዚያ በኋላ በኖረችው ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን «አንቺ ነሽ» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ታፔላ ሦስት ጊዜ የማነበው ለዚህ ነው። ዛፍ የተሳሳተች ሴት ስም ልጆች ፊት አይሰቀል። እባክዎ ይተዉት።

ፀጋ

*

አያት፣ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፀጋ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናው።

በትክክል አንብበሻል። ቆርቆሮው «ጥቁር እንጨት» ይል ነበር። ዛፉ ግን ብርብራ ነበር፤ ዓሣ የሚመረዝበት። ቆርቆሮውን እዚያ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

ካሳዬ ታሞ ስለተኛ ስቀያቸው ብሎ ላከኝ። ማንበብ አልችልም ነበር፤ እሱ ግን እችላለሁ ብዬው ያምነኛል። በሽቦው ርዝመት ገምቼ ሰቀልኩ፤ ሁለቱ ተለዋወጡብኝ። ይህ ስህተት ነው።

ቀጥሎ ያለው ስህተት አይደለም። የገብረትንሣኤ መታመም የተሰማ ዕለት ካሳዬ ከአልጋው ላይ ሆኖ ጠየቀኝ። «ልጅቷ ቆርቆሮው ጥቁር እንጨት ይላል ብላለች። ቅርፊቱ በተላጠበት፣ በወንዙ በኩል ባለው ብርብራ ላይ ምን ይላል? አንቺ ነሽ የሰቀልሽው።» እኔም «ብርብራ ይላል» አልኩት። ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ዛፉ ብርብራ ነው ካለኝ ቆርቆሮውም ብርብራ ይላል ብዬ መለስኩ። እሱ በእኔ ንባብ ተማምኖ ነው «ልጅቷ ትሆናለች» ያለው። በር ላይ ቆመሽ የሰማሽው ቃል የወጣው ከእኔ አፍ ነው።

ማንበብ የተማርኩት ከእነዚያው ቆርቆሮዎች ነው። ምሳ ሳደርስለት ካሳዬ ስለ አንድ ዛፍ ሳያወራኝ አይበላም ነበር። «ይህ ዋንዛ ነው፣ ይህ ዝግባ ነው» ሲል በቆርቆሮው ላይ ያሉትን ፊደሎች በዓይኔ እይዝ ነበር። የቀረውን ከሱቅ ስምና ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ሞላሁ። በ1993 አንድ ቀን ብርብራው ሥር ተቀምጠን ቀና ስል ማንበብ ቻልኩ። በዚያን ቀን ያነበብኩትን ባላነበብኩ ብዬ የተመኘሁት ብዙ ጊዜ ነው። በማግስቱ ማለዳ ሁለቱን ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። ለካሳዬ አልነገርኩትም። ለእናትሽም አልነገርኳትም። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖራለች። ቤቷ ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነበር።

ምክንያቴ አንድ ነው። «አንቺ ታነቢያለሽ» ሲለኝ የሚበራው የካሳዬ ፊት እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ። እሱ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ሰበቤም አብሮት ተቀብሯል። ከዚያ ወዲህ ያለው ዝምታ ምንም ሰበብ የለውም።

ይቅርታሽን ለመለመን ብዬ ይህን አልጽፍም። የጥጉን ስም ተዪው። የምፈልገው የሆነውን በዛፉ ሥር ለመጻፍ ፈቃድሽን ነው። መልስሽን እጠብቃለሁ። ባይመጣም ለሚገባቸው ሰዎች እነግራለሁ።

የሻሽወርቅ

*

አያት፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፀጋ፣

ክረምቱ ገብቷል። ሁለት ወር አልጻፍሽልኝም፤ ዝምታሽን አልከስም። ያደረግሁትን ግን ልታውቂው ይገባል።

መጀመሪያ ለአቶ መሐሪ ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«እትዬ፣ ይህን ማን ጠየቀዎት?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ለምን ይነሣል? ሰው እዚህ የሚመጣው ሊዝናና ነው። ታፔላችን ተሳስቶ ነበር የሚል ታፔላ እንስቀል?»

«አዎ። ያን ጊዜ ሌሎቹን ያምኗቸዋል።»

አላመኑበትም። ሥራዬን የሚያሳጣኝ ከሆነም እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። «ስለ ሥራ ማን አነሣ፣ ይሂዱ ወደ ተማሪዎቹ» አሉኝ።

ከዚያ የካ አባዶ ሄድኩ። ገብረትንሣኤ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። በእኔ ጉልበት ምን ያህል እንደፈጀብኝ አስቢው። አንኳኳሁ።

«ማን ነው?»

«የካሳዬ ሚስት።»

«ካሳዬ ሞቷል።»

«ሚስቱ አልሞተችም።»

ከፈቱልኝ። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ አሁንም መርፌ ኮታቸው ላይ ይሰካሉ። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳቸው። 

«ብሞት ኖሮስ?» አሉኝ።

«እታሰር ነበር።»

«አትታሰሪም። ማን ያውቅብሽ ነበር?»

 መልሴን አልጠበቁም። መስኮቱን እያዩ «ሙሉነሽ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ልትለኝ መጣች» አሉ። «አንዴ በዐቢይ ጾም፣ አንዴ ለፋሲካ፣ አንዴ እንዲሁ። ሦስት ጊዜም ውስጥ ሆኜ በሩን አልከፈትኩላትም። ድምፅዋን እሰማለሁ፤ ከልጇ ጋር ነበረች። አንቺ እኔ ጋ መጣሽ። እኔ የራሴን ይዤ ማን ጋ ልሂድ?»

ከእሷ ጋር የነበርሽው አንቺ ነሽና ይህን ሳልነግርሽ አልቀርም። ስወጣ ደረጃው ላይ ሆነው ጠሩኝ። «ታፔላው ከተሰቀለ ንገሪኝ። ደግሞ ወንበር ይኑር፤ ቆሜ አላነብም።»

አሁን የመጨረሻው። ባለፈው ሳምንት የክረምት ትምህርት ልጆች መጥተው ነበር። በወንዙ በኩል ሳልፍ ታሪኩን ስም ሳልጠራ ነገርኳቸው፤ «አንዲት ሠራተኛ» ብቻ አልኩ። ሁልጊዜ ከዚያ ሲደርሱ ውሃውን ለማየት ይሮጣሉ። ያን ቀን አልሮጡም። አንዱ «ታዲያ አሸትታ ካወቀች ለምን ቆረጠችው?» አለ። «ተጽፎ ስላየች ነዋ» አለችው ሌላዋ። «አላየችም፤ ተነብቦላት ነው» አለ ሦስተኛው። «ያነበበችውስ ልጅ ምን ሆነች?» አሉኝ። መልሱን አላውቀውም አልኳቸው። ለካ አቶ መሐሪ ከኋላችን ቆመው ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ መቀበያው መጥተው፣ «ሌላ ዛፍ ሥር እንዲህ ጠይቀው ያውቃሉ?» አሉኝ።

«ይበላል ወይ ከማለት በቀር አያውቁም።»

«ጽሑፉን ያዘጋጁት» አሉ። ደግሞም ከእንግዲህ ስም ሲሰቀል ዛፉን የሚያውቅ አንድ፣ ጽሑፉን የሚያነብ አንድ፣ ሁለት ሰው ከሥሩ ቆሞ እንዲፈርም ደንብ አውጥተዋል። ኦላናና እኔ የመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች ነን።

ፈቃድሽ ሳይመጣ የእናትሽ ስም አይጻፍም።

የሻሽወርቅ

*

ሜልበርን፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የሻሽወርቅ፣

የጤና ሰላምታዬ ይድረስዎ።

«በትክክል አንብበሻል» ከሚለው መስመር አልፌ መሄድ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ከሱ ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። ሥራ ቦታ አዲስ ታፔላ ሲመጣ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቤ ፈረምኩ። አለቃዬ አሞሽ ነው ወይ አለችኝ።

ስለ ቆርቆሮው አልተቀየምኩም። ማንበብ የማይችል ሰው ተሳስቶ ሊሰቅል ይችላል። ለጋሽ ካሳዬ ስለመለሱት ቃልም ላለመቀየም እታገላለሁ፤ የፈራ ሰው የሚለው ቃል ነው። ስለ አራቱ ዓመት ግን ተቀይሜያለሁ። እማማ ባረፈችበት ሳምንት አልጋዋ አጠገብ ነበሩ። ከንፈሯን በጥጥ ያረጥቡላት የነበሩት እርስዎ ናቸው። ጎንበስ ብለው በጆሮዋ አንድ ዓረፍተ ነገር መንገር ይችሉ ነበር። ስለዚህ ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ሲመጣልኝ በአካል አመጣዋለሁ።

ጋሽ ገብረትንሣኤ በሩን ሳይከፍቱ ሲቀሩ እማማ ምን እንዳለች ይንገሩልኝ። በራቸው ላይ ቆማ «ሰው ቤት ሳይኖር መጥተን ነው» አለችኝ። እቤት እንዳሉ እኔም እሷም እናውቅ ነበር።

ፈቃዱን ሰጥቻለሁ። እማማን አታሞግሷት፤ የሆነውን ብቻ ጻፉ። ጽሑፉንም ከመታተሙ በፊት ላኩልኝ። ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ።

ብሩክታይት አሥራ አንደኛው ካርድ ላይ ደርሳለች። ከሁሉ ብርብራ ቀላል ነው ትላለች። መስከረም 18 እንገባለን።

ፀጋ

*

አያት፣ ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀጋ፣

እንደገና ልጄ ብዬሻለሁ፤ ካልፈለግሽው ሰርዢው።

ለገብረትንሣኤ ነገርኳቸው።  «ሰው ነበረ ቤት በያት» አሉኝ። ይኸው ነግሬሻለሁ።

ፖስታ ስለሚዘገይ ይህን ፎቶ አንሥቼ ልኬዋለሁ። ጽሑፉ ይህ ነው፦

«ጥቁር እንጨት። በ1991 ዓ.ም. ማንበብ የማትችል የሻሽወርቅ የተባለች ሴት የዚህን ዛፍ ስም በስህተት ብርብራ ላይ ሰቀለች። መድኃኒት ዐዋቂዋ ሙሉነሽ ቅርፊቱን አሽትታ ‹ሽታው ልክ አይደለም› አለች። ልክ ነበረች። ልጇ ፀጋ ቆርቆሮውን አነበበችላት። በትክክል አነበበች። እባክዎ ቅርፊት አይቁረጡ።»

የሻሽወርቅ

*

ሜልበርን፣ ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የሻሽወርቅ፣

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የፊደል ስህተት የለበትም። ለብሩክታይት ሳነብላት «በትክክል አነበበች» የሚለው ላይ ስደርስ ስልኩን ሰጠኋት፤ ቀሪውን ራሷ ጨረሰችው።

አንድ መስመር ጨምሩበት፤ የሆነውን ብቻ ይጻፍ ያልኩት እኔው ነኝና። «ከሁለት ዓመት በኋላ የሻሽወርቅ ራሷን ማንበብ አስተምራ ስሙን ወደ ቦታው መለሰችው።»

አዲሱ ዓመት ለሁላችን የሰላም ይሁን።

ፀጋ

*

አያት፣ መስከረም 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ታፔላው ትናንት ተሰቀለ። ፀጋ የጨመረችው መስመር አለ። ከሱ ቀጥሎ እኔ ደግሞ «ለማንም ግን አልተናገረችም» የሚል አስገብቻለሁ፤ ካልተጻፈ መስመሩ ግማሽ ይሆናል። ኦላና ቅጠሉን ይዞ ዛፉን መሰከረ፤ እኔ ጽሑፉን አነበብኩ፤ ሁለታችንም ፈረምን። ፊት ለፊቱ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተተክሏል። ገብረትንሣኤ ዛሬ በደመራው ማግስት በሁለት ታክሲ መጥተው ተቀመጡበት፤ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ነገም እመጣለሁ ብለዋል። ማን እንደሚመጣ ያውቃሉ።

ፀጋ ይቅርታዋን ይዛ ትምጣ ወይም ሳትይዝ ትምጣ፣ የእሷ ነው። እኔ ነገ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ መናፈሻው ይዣቸው እሄዳለሁ። ከታፔላው ሥር ማንም እንዲያነብልን አልጠይቅም፤ ማንበብ የምትፈልግ አንድ ልጅ አለች። እናቷ በዚያ መናፈሻ ቆማ ባነበበችበት ዕድሜ ላይ ናት፤ ፊደሉንም የለቀመችው እኔ ከለቀምኩባቸው ስሞች ነው። አንብባ ስትጨርስ፣ ይህን የገለበጥኩበትን ደብተር የምሰጣት ለእሷ፣ ለብሩክታይት ነው።